«ሆድ ይፍጀው» የሥራ ደንብ አይደለም

በአገራችን ስለ ፖሊስ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት አይወጣም። አንደኛው ሌባ ስለ ያዘ፥ የተነዳ ከብት ስላስመለሰ፥ ወይም በበዓል ቀን አምሮ ስለ ተሰለፈ የሚያመሰግነው ነው፤ ሁለተኛው ጉቦ ስለ በላ ወይም ሰው ስለ ደበደበ የሚወቅሰው ነው። ሁለቱም ይጻፉ፤ አንዱም ይቅር አልልም። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ተዘልሎ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ፖሊሱ በሥራው ላይ ያየውና የሰማው ነገር ነው። የሰውን ሬሳ ከገደል ያወጣ፥ ከተገለበጠ አውቶቡስ ሥር የተቈራረጠ አካል የለቀመ፥ የተደፈረችን ሕፃን ቃል በእጁ የጻፈ ሰው ያን ሁሉ ካየና ከሰማ በኋላ ወዴት ያደርሰዋል?

ይህን ጥያቄ ባነሣሁ ቍጥር፥ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በሻይ ቤት፥ የማገኘው መልስ አንድ ነው። «ፖሊስ አይደለም እንዴ! ደመወዝ የሚበላበት ሥራው ነው፤ ሆድ ይፍጀው» ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ከእነርሱም መካከል ራሳቸው ፖሊሶች የሆኑ አሉበት። «ሆድ ይፍጀው» በቦታው ሲሆን መልካም ቃል ነው። የጎረቤትን ነውር፥ የባልና የሚስትን ጠብ፥ ጥቃቅን ቂምን ሆድ ቢፈጀው ሰፈር ሰላም ያድራል። ነገር ግን ይህ ቃል የግል ትዕግሥት ምክር መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያልተጻፈ ደንብ ሆኖ ሲገኝ ጉዳቱ በግልጥ ሊነገር ይገባዋል። ይህም ጽሑፍ የተነሣው እርሱን ለመቃወም ነው።

የምጽፈው ከጎበሳ ነው። ጎበሳ በአርሲ ደጋ የሽርካ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ገብስና ስንዴ የሚታረስባት፥ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጣራ ላይ ወርዶ የሚውልባት ትንሽ ከተማ። እንዲህ ባለ ስፍራ የፖሊስ ሥራ ከአዲስ አበባው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በትልቅ ከተማ ፖሊሱ የሚያነሣው አስከሬን ብዙውን ጊዜ የማያውቀው ሰው አስከሬን ነው። በወረዳ ከተማ ግን የሚያነሣው ባለፈው የገበያ ቀን ሰላምታ የተለዋወጠውን ሰው ነው። ተከሳሹንም ያውቀዋል፤ የሟችንም እናት ያውቃታል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ በደጇ ያልፋል። ለምስክርነት የሚጠራቸው የልጁ መምህርና የሚስቱ የዕቁብ ጓደኛ ናቸው። የሥራ ቦታውንና የመኖሪያ ቦታውን የሚለይ አጥር የለም። የክፍለ ከተማ መርማሪ ቢያንስ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከሥራው ይርቃል፤ የወረዳው መርማሪ ግን ሥራው እስከ ማዕዱ ድረስ ይከተለዋል።

በኅዳር ወር 2016 ዓ. ም. በዚሁ በሽርካ ወረዳ በገጠር ቀበሌዎች በተፈጸመ ጥቃት 36 ምእመናን መገደላቸውን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጊዜው አስታውቃለች። ስለ ጥቃቱ ምክንያትና ስለ ተጠያቂዎቹ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ እርሱ የሕግና የታሪክ ጉዳይ ነው። እኔ የማነሣው ከዜናው በስተጀርባ ያለውን ነው። በየትኛውም አገር እንዲህ ያለ ቀን በመጣ ጊዜ፥ የሟቾች ቍጥር በራዲዮ ከመነገሩ በፊት፥ በእግሩ ሄዶ የቈጠረ ሰው አለ። ለዜና አንባቢው «ሠላሳ ስድስት» ሁለት ቃል ነው፤ ለቈጠረው ሰው ግን ሠላሳ ስድስት ጊዜ ማጎንበስ ነው።

ነገሩም የአርሲ ብቻ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ሬሳው ተፈልጎ እስኪወጣ ብዙ ቀን ተቈፈረ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ. ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቍጥር 302 አውሮፕላን ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ፤ የሟቾቹ ማንነት በዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት በኢንተርፖል እርዳታ ተለይቶ ያለቀው ከስድስት ወር በኋላ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ. ም. በጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተት በደረሰ ጊዜ ደግሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች ራሳቸው በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። በሦስቱም ጊዜ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ፥ ሰንደቅ ዓላማውም ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሐዘኑ ካበቃ ከአንድ ወር በኋላ፥ አፈሩን የማሰውንና አካሉን በከረጢት የሰበሰበውን ሰው ጠርቶ «እንቅልፍ ይመጣልሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ፥ በበጎ ፈቃድ ሳይሆን በግዴታ የሚሠራ ደንብ የት አለ? እነዚህም በታሪክ የሚመዘገቡት ትልልቆቹ ቀኖች ብቻ ናቸው። የመኪና አደጋ በዚህች አገር በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠር ሰው ይገድላል፤ ለእያንዳንዱም አደጋ ሜትር ዘርግቶ የደሙን ቦታ የሚለካ፥ ፕላን የሚያነሣ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አለ።

«ይህ በሽታ ነው ወይስ ቅብጠት?» የሚለውን አስቀድመን እንጨርሰው። ሐኪሞች ድኅረ አደጋ ሰቀቀን የሚሉት ሕመም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መጽሐፍ ውስጥ በስሙ የገባው እ. ኤ. አ. በ1980 ነው። በመጀመሪያ የተጠናው በወታደሮች፥ ከዚያም አደጋው በራሳቸው ላይ በደረሰባቸው ሰዎች ነበር። ኋላ ግን የተጎዱትን የሚረዱ ሰዎች፥ እነርሱን አንዳች ነገር ሳይነካቸው፥ ልክ እንደ ተጎጂው እንቅልፍ ሲያጡ፥ ሲባንኑ፥ ሲቈጡ ታዩ። ቻርልስ ፊግሊ የተባለው ምሁር እ. ኤ. አ. በ1995 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ከሌላው ሰው የሚሻገረውን ሰቀቀን በሰፊው አስረዳ። የሐኪሞቹ ማኅበር መጽሐፍም እ. ኤ. አ. በ2013 እንደ ገና በታተመ ጊዜ፥ አስጨናቂ ነገርን በሥራ ምክንያት ደጋግሞ ማየትና መስማት ለሕመሙ መነሻ ሊሆን እንደሚችል በግልጥ አስገባ። ምሳሌ አድርጎ የጠቀሳቸውም ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ የሰው አካል የሚሰበስቡ የመጀመሪያ ደራሾችና፥ በሕፃናት ላይ የተፈጸመውን ግፍ ዝርዝር ደጋግመው የሚሰሙ ፖሊሶች። እንግዲህ ስለ ማን እንደ ተጻፈ ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻም።

የሕፃናቱን ነገር ጥቂት ላስረዝመው። አገራችን በዚህ ረገድ ያደረገችው መልካም ነገር አለ። ሕፃን ምስክር በችሎት ፊት ቆሞ እንዳይሸማቀቅ በፌዴራል ፍርድ ቤት ልዩ ክፍል ተዘጋጅቶ ቃሉን በቴሌቪዥን መሣሪያ አማካይነት እንዲሰጥ ተደርጓል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልም ተጎጂዋ ሐኪሙንም ፖሊሱንም ዐቃቤ ሕጉንም በአንድ ቦታ እንድታገኝ ማዕከል ተከፍቷል። ይህ የሆነው ያን ነገር ደጋግሞ መናገር ራሱ ቍስል እንደ ሆነ ስለ ታመነ ነው። ደግ! ደጋግሞ መናገር ቍስል ከሆነ፥ ደጋግሞ መስማትስ ምን ይባላል? ልጅቱ የምትናገረው የራሷን አንድ ታሪክ ነው፤ መርማሪው በዓመት ስንት ታሪክ ይሰማል? ለዚያውም እያንዳንዱን ቃል፥ ሰዓቱን፥ ቦታውን፥ የልብሱን ቀለም ሳይቀር፥ ዐቃቤ ሕግ «ያልተሟላ» ብሎ መዝገቡን እንዳይመልስበት እየጠየቀ በጽሑፍ ማስፈር አለበት። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ተመሳሳይ ዕድሜ ያላት ልጁ ሮጣ ትቀበለዋለች። ያን ጊዜ ፊቱን ቢያዞር ልጁን ስለ ጠላ አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 «በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ» የሚለውን ሲተረጕም የሚያወሳው ፊዚካላዊ፥ ኬሚካላዊና ባዮሎጂካዊ መንስኤዎችን ነው። ያየ ዐይን፥ የሰማ ጆሮ በዝርዝሩ የለም። ፖሊስ በዚህ አዋጅ አይተዳደርም፤ የራሱ ሕግ አለው። ቢሆንም አገሪቱ የሥራን ጉዳት በምን ዐይን እንደምታየው ከዚህ መረዳት ይቻላል። በአንጻሩ የዓለም የሥራ ድርጅት እ. ኤ. አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ድኅረ አደጋ ሰቀቀንን በስሙ አስገብቶታል። የካናዳዋ ክፍለ ሀገር ኦንታርዮ ደግሞ እ. ኤ. አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ፥ ፖሊስ ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ በዚህ ሕመም መያዙ በባለሙያ ከተረጋገጠ፥ ሕመሙ ከሥራው የመጣ ሆኖ እንዲገመት ደንግጋለች። ሠራተኛው «በዚያች ቀን በዚያ ቦታ ያየሁት ነው ያሳመመኝ» ብሎ እንዲያስረዳ አይገደድም፤ አይደለም የሚል ወገን ነው ማስረጃ የሚያመጣው። እኛ ግን ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ለሠራተኛ ዕረፍትና ጤናማ የሥራ አካባቢ እንደሚገባው ደንግጎ ሳለ፥ እግሩ ሲሰበር የምናዝንለትን ፖሊስ እንቅልፉ ሲሰበር ሰነፍ እንለዋለን።

ከተቃዋሚዎቼ ሁሉ በላይ የሚከብደኝ አባቶቻችንን ጠርቶ የሚመጣው ነው። «አባቶቻችን በማይጨው የመርዝ ጢስ ጠጥተዋል፥ ከዚያ የከፋ አይተዋል፤ ይህ የፈረንጅ በሽታ አልነበረባቸውም» ይላል። አለመኖሩን በምን ያውቃል? ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ከዚህ የሚሻል መልስ አለኝ። አባቶቻችን ከሞት ጋር የተገናኘ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ እንዲገባ አልተዉትም። እዚሁ በአርሲ ምድር ሰው ሲገደል የጉማ ሥርዐት አለ። እርቅ እስኪወርድ ድረስ የሟችና የገዳይ ወገን አብረው አይበሉም፥ አይጠጡም፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፥ ካሣ ተቈርጦ፥ እንስሳ ታርዶ፥ ነገሩ በይፋ እንዲያልቅ ይደረጋል። ደም የነካው ሰው ሳይነጻ ከሕዝብ እንዳይቀላቀል አባቶች ያወቁት ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ክርስቲያኑም ቢሆን ሠልስት፥ አርባ፥ ሰማንያ ብሎ ሐዘኑን በቀን ከፋፍሎታል፤ እስላሙም ተዕዝያ ተቀምጦ፥ ዱዓ አድርጎ ይጽናናል። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፥ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፥ ሐዘንተኛው ለብቻው አያድርም።

ለሟች ዘመድ ድንኳን አለው፤ ለገዳይ እንኳ ሽማግሌ አለው። በመካከል ሬሳውን ያነሣው ፖሊስ ግን ከድንኳኑም ከሽምግልናውም ውጭ ነው። እርሱ ዘመድ አይደለምና አያለቅስም፤ ወንጀለኛ አይደለምና አይነጻም። የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ ፈርሞ፥ እጁን ታጥቦ፥ ለሌሊት ጥበቃ ይሰለፋል። ለብዙ ዘመን የክፍለ ሀገር አስከሬን ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ይላክ ነበርና፥ ከአሰላ ብቻ 175 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ከሬሳው ጋር በአንድ መኪና፥ የዘመዱን ዋይታ እየሰማ የሚጓዘው ይኸው ፖሊስ ነበር። ታዲያ የአባቶችን ሥርዐት የጣስነው ማን ነን? «ሆድ ይፍጀው» የምንለው እኛ ነን እንጂ ስለ ፈረንጅ በሽታ የሚጽፈው አይደለም።

ከዓለምም ታሪክ አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር በፍርሃትና በክዳት እያለ በጥይት ከደበደባቸው ወታደሮቹ መካከል ለ306ቱ፥ እ. ኤ. አ. በ2006 የአገሪቱ ፓርላማ ባወጣው ሕግ ይቅርታ ተደርጓል። ከእነርሱ አያሌዎቹ ዛሬ ሰቀቀን የምንለው ሕመም እንደ ነበረባቸው ይታመናል። ሕመምን ፍርሃት ብሎ የሰየመ ሹም ስሕተቱ እስኪታረም ዘጠና ዓመት ፈጀ፤ የተገደሉትም አልተነሡም።

ሁለተኛውን ተቃውሞ ግን በአክብሮት ነው የምቀበለው፤ የሚመጣውም ከአዛዥ ሳይሆን ከተራው ሰው ነውና። «እኔን ፖሊስ ደብድቦኛል፤ ወንድሜን ያለ ፍርድ አስሮብኛል፤ አንተ ደግሞ እንቅልፍ አጣ ብለህ ታዝንለታለህን?» ይላል። ይህን የሚለው ሰው ጠባሳ ያለበት ነውና በቀላል ቃል አላልፈውም። በቅድሚያ፥ በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቍጥር 424 በምርመራ ጊዜ ተጠርጣሪን የሚደበድብና የሚያሠቃይ ባለ ሥልጣን እንደሚቀጣ ደንግጓል፤ ሰቀቀን ይዞኝ ነበር ማለትም ይህን ቍጥር አይሰርዘውም። ሰቀቀን ያለበት ሁሉ አይደበድብም፤ የሚደበድብም ሁሉ ሰቀቀን የለበትም። ክፋትን በሐኪም ወረቀት ሸፍኜ ላሳልፍ አልመጣሁም።

ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፥ ነገ ወደ ጣቢያ ስትገባ ከጠረጴዛው ማዶ ማን ተቀምጦ እንዲያገኝህ ትፈልጋለህ? የሕመሙ ምልክት ተብለው ከተጻፉት መካከል ድንገተኛ ቍጣ፥ ሰውን ሁሉ መጠርጠር፥ የሌላው ሰው ሥቃይ ምንም አለመሰማት ይገኙበታል። እነዚህ ሦስቱ በአስተማሪ ላይ ቢታዩ ተማሪው ይጎዳል፤ በእኔ ዓይነቱ ጸሓፊ ላይ ቢታዩ ባለጉዳይ ይመላለሳል፤ ጠመንጃ በያዘ ሰው ላይ ሲታዩ ግን የሚጎዳው አንተ ነህ። «ተደፈርሁ» ብላ የመጣችውን ልጅ «ዋሽተሽ ነው» ብሎ የሚመልሳት መርማሪ ምናልባት ክፉ ነው፤ ምናልባት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከእንግዲህ መስማት ያቃተው ሰው ነው። ለልጅቱ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ፖሊሱን ማከም ለፖሊሱ የሚደረግ ስጦታ አይደለም። ቅጣቱም ሕክምናውም አብረው ይሂዱ፤ አንዱን ከአንዱ እንድንመርጥ ያስገደደን የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከምሰማቸው መድኃኒቶች መካከል አንዱን አጥብቄ እጠላዋለሁ፤ እርሱም በዓመት አንድ ቀን አዳራሽ ሞልቶ «ስለ ጭንቀት አያያዝ» የሚሰጠው ስብሰባ ነው። አበሉ ይከፈላል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ ሪፖርት ይላካል። አዛዡ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሳለ «እኔ በሌሊት እባንናለሁ» ብሎ የሚነሣ ኮንስታብል የት ይገኛል? የሚፈራውስ በከንቱ አይደለም። «አማኑኤል ገባ» የሚለው ቃል በአገራችን ስድብ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለ ነበረ፥ ሕመሙ ሁሉ በአንድ ስም ተጠራ፤ የአእምሮ ሐኪሞችንም በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመርነው በ1995 ዓ. ም. ነው። ፖሊሱ የሚፈራው ስሙን፥ ዕድገቱንና መሣሪያውን ማጣት ነው።

ስለዚህ የሚያነጋግረው ባለሙያ ከዕዝ ሰንሰለቱ ውጭ ይሁን፤ የተነገረውም ወደ ማኅደሩ አይግባ። የአገር ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ባለሙያዎች በየጊዜው ይሠለጥናሉ፤ አሰላም የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ከፖሊስ ጣቢያው ጋር የሚያገናኛቸው ግን የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ጠመንጃውን በተመለከተ ምሥጢር ይጠበቅ ማለቴ በራሱ ወይም በሰው ላይ አደጋ ሊያደርስ የተቃረበውን ሰው መሣሪያ አስይዘን እንተወው ማለት አይደለም። መሣሪያን ለጊዜው ማስረከብ ትከሻው የታሸገ ሰው ጠመንጃ እንደማይሸከም ያህል ተራ ነገር ይሁን፤ ማዕርግ እንደ መገፈፍ አይታይ። በሰንዳፋ የሚማረው ወጣት መኰንንም የበታቹን ጫማ መወልወል እንደሚመረምር ሁሉ እንቅልፉን መጠየቅ ይማር። የጡረታና የጉዳት ካሣ ሕጎቻችን በሚሻሻሉበት ጊዜ ደግሞ ይህ ሕመም በስሙ ይጻፍ። ስም የሌለው ሕመም ካሣ የለውምና።

«ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ ከወዲሁ እሰማዋለሁ። ለሐኪሙና ለካሣው እውነት ነው፤ ገንዘብ ይጠይቃሉ፥ ጊዜም ይወስዳሉ። አንዱ ግን ምንም አይጠይቅም። በየወረዳው ጣቢያ የነገውን የጥበቃ ተረኞች ስም በወረቀት ላይ የሚያሰፍር አንድ ሳጅን አለ። ዛሬ አስከሬን ያነሣውን ወይም የሕፃን ቃል የተቀበለውን ሰው ስም ለዛሬ ሌሊት እንዳይጽፈው፥ በማግስቱም ጠርቶ ለብቻው እንዲያነጋግረው የሚያዝዘው ደብዳቤ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ለመፈረምም የሚጠብቀው በጀት የለም።